ጭብጦዬ ያለ ፍርድ፦ በዋሽንግተን ዙሪያ የትራፊክ ትኬትና የመንዳት ክስ ሲዳሰስ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል ያገሬ ሰው። ተሟግቶ ከተረታባት በቅሎ ይልቅ ማንም ሳይጠይቀው የተወሰደችበት አንዲት ጭብጦ ታንገበግበዋለች። በልሃ ልበልሃ ሲል የኖረ፣ ለስንዝር ድንበር ዋስ ጠርቶ ከአጥቢያ ዳኛ እስከ ዙፋን ችሎት ይግባኝ የሚል ሰው ነው። ዋሽንግተን ሲገባ ግን አመሉ ይለወጣል። ከፖስታ ሳጥኑ የመኪናው ፎቶ የታተመበት ወረቀት ሲያገኝ፣ ወይም ፖሊስ በመስኮት በኩል አንዲት ወረቀት ሲያቀብለው፣ የመጀመሪያ ቃሉ «ከፍዬ ልገላገል» ነው። የሰጠው ጭብጦ ሳይሆን በቅሎ መሆኑን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ቆይቶ ነው።

ልማዱ ከአገር ቤት የመጣ ነው። እዚያ ትራፊክ ፖሊስ መንጃ ፈቃድ ተቀብሎ ቅጣት ይቆርጣል፤ ሾፌሩ ከፍሎ፣ ደረሰኙን አሳይቶ መንጃ ፈቃዱን ይወስዳል፤ አለቀ። ቢያንስ አብዛኛው ሾፌር ነገሩን የሚረዳው እንደዚያ ነው። እዚህ ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን እዚያው ይመልሳል፣ መልካም ቀን ይመኛል፣ ይሄዳል። ነገሩ የሚጀምረው ያኔ ነው። በእጅ የቀረችው ወረቀት የሂሳብ መጠየቂያ ሳትሆን የክስ ወረቀት ነች። የሕግ ቁጥር አላት፤ በአብዛኛውም የችሎት ስምና የቀጠሮ ቀን ተጽፎባታል። ገንዘቡን መክፈል ማለት የእምነት ክህደት ቃል ሲጠየቁ «አዎ፣ አጥፍቻለሁ» ብሎ መመለስ ነው። ጥፋተኛነቱ ይመዘገባል፣ ፖይንት የሚባለው የጥፋት ነጥብ ይቆጠራል፣ የኢንሹራንስ ኩባንያው ውሉን ሲያድስ መዝገቡን ያያል። ቅጣቱ አንዴ ይከፈላል፤ የኢንሹራንሱ ጭማሪ ግን በየወሩ እየመጣ ዓመታት ይቆያል።

ይህን ዳሰሳ በዋሽንግተን ዙሪያ የወሰንኩት እዚህ ስለምኖር ብቻ አይደለም። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ ድልድዩን ተሻግሮ ዩ ስትሪት ሰው አድርሶ፣ ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ ምሳ የሚበላ ሹፌር ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ በሦስት ሕጎች ሥር አልፏል። ቨርጂኒያ፣ ዲሲና ሜሪላንድ አንዱን ፍጥነት በሦስት ዓይን ያዩታል፤ በአንዱ የፖስታ ቤት ጉዳይ የሆነው በሌላው እስር የሚያስከትል ወንጀል ነው። በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ በታክሲ፣ በኡበር፣ በዕቃ ማድረስና በከባድ መኪና እንጀራውን የሚያበስለው አበሻ ብዙ ነው። መንጃ ፈቃዱ ሱቁም እርሻውም ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ወረቀቶቹም ላይ ያሉት እነሱ ናቸውና።)

በመጀመሪያ የሚለየው የካሜራ ትኬትና የፖሊስ ትኬት ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ብዙ ሰው በማያስፈልገው እንዲጨነቅና በሚያስፈልገው እንዲዘናጋ አድርጎታል። ካሜራ የሚከሰው ታርጋውን ነው፤ መሪውን የያዘው ማን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ቅጣቱ ለባለ መኪናው ይላካል፤ ፖይንትም የለውም። ዲሲ ቀይ መብራት የሚጥሱትን በካሜራ መያዝ የጀመረው በ1999፣ ፍጥነትን ደግሞ በ2001 ነው። ከተፈቀደው ከ11 እስከ 15 ማይል ላለፈ 100 ዶላር፣ ከ16 እስከ 20 ላለፈ 150 ዶላር ያስከፍላል። በ2020 በሰፈር መንገዶች ላይ ሌላ ምልክት ካልተሰቀለ በቀር የሚፈቀደው ፍጥነት ከ25 ወደ 20 ማይል ወረደ። በአሮጌው ልማድ በ32 የሚነዳ ሰው ከተማው ራሱ ሕጉን አጥብቦበት እንደ አጥፊ ተቆጠረ ማለት ነው። ሜሪላንድ ለዓመታት ማንንም ሳይለይ 40 ዶላር ሲያስከፍል ቆይቶ ከጥቅምት 2025 መጀመሪያ ጀምሮ በደረጃ ከፋፈለው፤ ትንሹ ያው 40 ሲሆን ከተፈቀደው 40 ማይልና ከዚያ በላይ ላለፈ 425 ዶላር ደረሰ። ቨርጂኒያ በፍጥነት ካሜራ ዘግይታ የመጣች ናት። በ2020 በትምህርት ቤትና በመንገድ ሥራ አካባቢ ፈቀደች፤ ጣሪያው 100 ዶላር ነው።

በካሜራ ትኬት ላይ መሟገት ዋጋ አለው ወይ? ፎቶውን አጉልቶ ማየት ዋጋ አለው። ታርጋው በእርግጥ የእኔ ነው? ከፎቶው ውስጥ ሌላ መኪና አብሮ ተነስቷል? በዚያ ቀን መኪናው ተሽጦ፣ ተሰርቆ ወይም ተከራይቶ ነበር? ከእነዚህ አንዱ ካለ ማስረጃ አያይዞ መላክ ብዙ አያደክምም። ዲሲ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት አይወስደውም። በ1978 በወጣ ሕግ ቀላል የትራፊክ ጥፋቶች ከወንጀል ወጥተው በመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ መርማሪዎች እንዲታዩ ተደርጓል፤ በፖስታም በኢንተርኔትም ይስተናገዳሉ። ሦስት በሮች አሉ፦ ማመን፣ ከማብራሪያ ጋር ማመን፣ መካድ። ሁለተኛው በር የእኛን ጠባይ ያውቃል። «አዎ አልፌያለሁ፣ ነገር ግን ነፍሰ ጡር ይዤ ወደ ሆስፒታል ነበር» የሚል ሰው ወረቀቱን ካያያዘ ሊሰማ ይችላል። ፎቶው ንጹሕ ከሆነና ምክንያቱ «ሌሎችም ሲሮጡ ነበር» ብቻ ከሆነ ግን ከፍሎ መተው ነው የሚሻለው። እዚህ ላይ «ልገላገል» እውነት ነው።

አንድ የቆየ የዋህነት ግን እዚሁ ይነሳ። የዲሲ ካሜራ የላከውን ፖስታ ሳይከፍቱ ከመኪናው መሳቢያ ውስጥ የሚያጠራቅሙ አሉ፤ «የቨርጂኒያ ታርጋ ነው፣ ምን ያመጣሉ» እያሉ። እርግጥ ነው፣ ጎረቤት ስቴቶቹ ለዲሲ ካሜራ ብለው የነዋሪዎቻቸውን መንጃ ፈቃድ አይዙም። ነገር ግን በጊዜው ያልተከፈለ ትኬት እጥፍ ይሆናል፤ ሁለት ያረጁ ትኬቶች ያሉበት መኪና ዲሲ ውስጥ ቆሞ ከተገኘ ጎማው ላይ ብረት ይታሰርበታል። በ2024 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ ደግሞ የዲሲ ዋና ዓቃቤ ሕግ ከሌላ ስቴት የሚመጡ አደገኛ አሽከርካሪዎችን በፍትሐ ብሔር እንዲከስ ሥልጣን ሰጠው፤ በ2025 በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አሽከርካሪዎች ላይ ክሶች ተከፍተዋል። የመሳቢያው ክምር ከእንግዲህ እንደ ድሮው የሚቀለድበት አይደለም።

አሁን ወደ ፖሊሱ። ከኋላ መብራት ሲበራ አበሻ ሹፌር የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር አገር ቤት የተማረውን ነው፤ ጠርዝ ይዞ ያቆማል፣ በሩን ከፍቶ ይወርዳል፣ ወረቀቱን ይዞ ወደ ትራፊኩ ይሄዳል። እዚያ ጨዋነት ነው። እዚህ ግን ፖሊሱ የሚያየው ከመኪና ወጥቶ ወደ እሱ የሚመጣ የማያውቀውን ሰው ነው፣ እጁም ወደ መሣሪያው ሊሄድ ይችላል። ተቀምጦ መጠበቅ፣ ሁለቱን እጆች መሪው ላይ ማድረግ፣ ማታ ከሆነ የውስጥ መብራት ማብራት፣ ወረቀት ከመሳቢያ ከማውጣት በፊት መናገር ይሻላል። ፖሊሱ ራሱ ውረድ ካለ መውረድ ግድ ነው፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ1977 ጀምሮ ይህን ፈቅዷል። ያው ፍርድ ቤት በ2015 ደግሞ ለትራፊክ ጥፋት የቆመን ሰው ጉዳዩ ከሚፈልገው ጊዜ በላይ ያለ በቂ ጥርጣሬ ማቆየት አይቻልም ብሏል።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ «ለምን እንዳስቆምኩህ ታውቃለህ? በስንት ስትነዳ የነበረ ይመስልሃል?» በእኛ ባህል ባለሥልጣን ፊት ዝም ማለት ትዕቢት ይመስላል። ስለዚህ «ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው፣ ሰባ አምስት አካባቢ ሳልነዳ አልቀረሁም» እንላለን። አገር ቤት ይህ ልመና ነው፤ ትራፊኩም ልመናውን ሰምቶ ሊምር፣ ሊመክር ወይም ሊቆጣ ይችላል። እዚህ ፖሊሱ ማስታወሻው ላይ «75 መንዳቱን አመነ» ብሎ ይጽፋል፤ ከሁለት ወር በኋላ ዳኛው ፊት የሚያነበው እሱን ነው። በትሕትና «አላውቅም ጌታዬ» ማለት ወይም ስለ ፍጥነቱ አለመመለስ ይቻላል፤ መንጃ ፈቃድና ሊብሬ መስጠት ግን ግዴታ ነው። ተቃራኒው ስህተትም አለ። ወረቀቱ ላይ ፈርም ሲባሉ «ጥፋቴን አምኜ አልፈርምም» ብለው የሚከራከሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ቨርጂኒያ ውስጥ ያ ፊርማ በቀጠሮው ቀን እቀርባለሁ የሚል ቃል ነው እንጂ ማመን አይደለም። እምቢ ያለ ግን ሊታሰር ይችላል። የሚነገረው ላይ እንቆጠብና የሚፈረመውን እንፈርም፤ እኛ የምናደርገው ግልባጩን ነው።

በመስታወት ላይ ስለሚንጠለጠለው መስቀልና መቁጠሪያም የሚጠይቅ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ2021 መጋቢት ጀምሮ ፖሊስ በእሱ ምክንያት ብቻ መኪና ማስቆም አይችልም። በሌላ ምክንያት ካስቆመ ግን እይታን የሚጋርድ ነገር አሁንም ጥፋት ነው።

የዚህ አካባቢ ትልቁ ወጥመድ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ በአማርኛችንም «ሬክለስ» (በግድየለሽነት መንዳት) ተብሎ ስሙን ይዟል። የሌላ አገር ሰው ሬክለስ ሲባል ዚግዛግ የሚነዳ ሰካራም ይመስለዋል። የቨርጂኒያ ሕግ ግን ቁጥር ብቻ ይበቃዋል፦ ከተፈቀደው 20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ፣ ወይም የተፈቀደው ምንም ይሁን ከ85 ማይል በላይ መንዳት። ይህ ሁለተኛው እስከ 2020 ሐምሌ 80 ነበር። 70 በሚፈቅድ አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሁሉም መኪና ጋር እኩል እየሄደ፣ በ86 የተያዘ ሰው ትኬት አልተሰጠውም፤ በወንጀል ተከሷል። ወደ ሥራ ሲጣደፍ 35 በሚል መንገድ ላይ 55 የነዳም እንደዚያው። ከቀላል ወንጀሎች ሁሉ የከፋው ምድብ ነው፦ እስከ 12 ወር እስራት፣ እስከ 2,500 ዶላር፣ መንጃ ፈቃድን እስከ 6 ወር ማገድ። ስድስት ፖይንት ይዞ በመንጃ መዝገቡ ላይ 11 ዓመት ይቆያል። ሥራ ሲያመለክቱ «በወንጀል ተፈርዶብህ ያውቃል?» ለሚለው መልሱን የሚለውጥ ነው።

ክፋቱ ደግሞ ወረቀቱ ከተራው ትኬት ጋር አንድ መልክ ያለው መሆኑ ነው። አንድ ዘመዴ፣ ሌሊት ሰው ከኤርፖርት ሲያመላልስ የተያዘ፣ ወረቀቷን ለሳምንታት ማቀዝቀዣ በር ላይ በማግኔት ሰቅሏት ነበር፤ የሚከፈለውን መጠን የሚገልጽ ሌላ ደብዳቤ እየጠበቀ። ደብዳቤው አይመጣም። በሬክለስ የተከሰሰ ሰው በቅድሚያ ከፍሎ መገላገል የሚባል ነገር የለውም፤ ራሱ ወይም ጠበቃው ችሎት ይቀርባል። ካልቀረበ በሌለበት ሊፈረድበት፣ እንዲያዝም ሊታዘዝ ይችላል። የመጀመሪያው ሥራ እንግዲህ ወረቀቱን አገላብጦ የሕጉን ቁጥር ማንበብ ነው። 46.2-862 የሚል ከሆነ በፍጥነት ምክንያት የቀረበ ሬክለስ ነው፤ ቀጠሮውንም እንደ ሠርግ ቀን ማክበር ያስፈልጋል።

ሜሪላንድ በዚህ ረገድ ለዘብተኛ ነበረች፤ አሁን ወደ ቨርጂኒያ ተጠግታለች። ፓትሪክ ኬፕ የሚባል የሞንጎመሪ ካውንቲ ፖሊስ በ2023 ጥቅምት በአይ-270 አውራ ጎዳና ላይ እጅግ በፍጥነት የሚሄድ መኪና ለማስቆም ሲሞክር ተገጭቶ ሁለት እግሮቹን አጣ። በስሙ የተጠራው ሕግ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ከተፈቀደው 30 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍን በሬክለስ ውስጥ አስገባ፤ እስከ 60 ቀን እስራትና 1,000 ዶላር ያስቀጣል። «ሜሪላንድ አይዞህ» የሚለው የሹፌሮች ምክር ጊዜው አልፎበታል።

የቨርጂኒያ ችሎት ውስጥ ምን ይደረጋል? ጠዋት አዳራሹ ሞልቶ ዳኛው በፈጣን ምት ስም ይጠራል፤ ለአንድ ጉዳይ ሦስት ደቂቃ ከደረሰ ብዙ ነው። በዚያ ሦስት ደቂቃ ውስጥ የሚረዳው አንደበተ ርቱዕነት ሳይሆን በእጅ የተያዘ ወረቀት ነው። ሕጉ የፍጥነት መለኪያው፣ ራዳርም ይሁን ሌዘር ወይም የፖሊሱ መኪና ራሱ፣ ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ ከስድስት ወር እንዳይበልጥ ያዛል። የምስክር ወረቀቱን ቀን መጠየቅ መብት ነው። ጥቂት ሰው የሚያውቀው ሌላም አለ፦ ተከሳሹ የራሱን መኪና የፍጥነት መቁጠሪያ አስመርምሮ በመሐላ የተረጋገጠውን ውጤት ካቀረበ ፍርድ ቤቱ ሊቀበለውና ጥፋተኛነቱንም ቅጣቱንም ሲወስን ሊያየው ይገባል። መቁጠሪያው አምስት ማይል አሳንሶ የሚያሳይ ሆኖ ከተገኘ፣ ከ20 በላይ የነበረው ልዩነት ከ20 በታች ወርዶ ወንጀሉ ወደ ተራ ደንብ መተላለፍ የሚለወጥበት ዕድል አለ። ከቀጠሮው በፊት የስምንት ሰዓቱን የአሽከርካሪዎች ማሻሻያ ትምህርት ጨርሶ መምጣትም እንዲሁ። ዳኞች አስቀድሞ የተጋን ሰው በሌላ ዓይን ያዩታል። የተፈረደበት በአሥር ቀን ውስጥ ይግባኝ ካለ ደግሞ ከፍ ያለው ፍርድ ቤት ጉዳዩን ከመጀመሪያው፣ ያለፈው እንዳልነበረ አድርጎ ይሰማዋል። በቅሎዋን ሁለት ጊዜ መሟገት ይቻላል ማለት ነው።

ስለ ጠበቃ አንድ ቃል። በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ መፈለግ አያስፈልገውም፤ በሳምንት ውስጥ ፖስታ ሳጥኑ ስሙንና ክሱን በሚጠቅሱ የጠበቆች ደብዳቤዎች ይሞላል፤ የክሱ መዝገብ የሕዝብ ነውና። መጀመሪያ ያየ ሰው መንግሥት ዕዳ እየጠየቀው መስሎት ይደነግጣል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ እስራት ሊያስከትል በሚችል ክስ ላይ ጠበቃ ቅንጦት አይደለም፤ አቅም ለሌለውም እስራት በታሰበበት ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ሊመድብለት ይገባል። ከተፈቀደው 12 ማይል አልፎ መዝገቡ ንጹሕ ለሆነ ሰው ግን ራሱ ቀርቦ ቢናገር ብዙ የሚጎድልበት አይመስለኝም። ከሁሉ የሚከፋው ለትንሹ ጠበቃ ገዝቶ ለትልቁ ባዶ እጅ መሄድ ነው፤ ያንንም አይቻለሁ።

ሜሪላንድ ሌላ ዓይነት ደግነት አላት። ለሚከፈል ትኬት በ30 ቀን ውስጥ ከሦስት አንዱን መምረጥ ነው፦ መክፈል፣ ጥፋቱን አምኖ ምክንያቱን ለዳኛ ማስረዳት፣ ወይም ሙሉ ክርክር። ሁለተኛውን የመረጠ ፖሊሱ እንዲመጣ አያስፈልገውም፤ ሦስተኛውን የመረጠ ግን ፖሊሱን ያስጠራል። ምንም ያልመረጠ መንጃ ፈቃዱ ይታገድበታል። ዳኛው ጥፋቱን አይቶም ፍርዱን ሳያስገባ ተከሳሹን በአመክሮ ሊያቆየው ይችላል። ያኔ ፖይንት አይቆጠርም። ፖይንቱ ቀልድ አይደለም፤ ከአሥር ማይል በታች ለማለፍ አንድ፣ ከዚያ በላይ ሁለት፣ 30 ካለፈ አምስት ይቆጠራል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ስምንት ከሞላ መንጃ ፈቃድ ይታገዳል፣ 12 ከሞላ ይሰረዛል። ዲሲም በአሥር ያግዳል፣ በ12 ይሰርዛል። ሦስቱም የመረጃ ስምምነት ስላላቸው በአንዱ የተፈረደ ወደ ሌላው ቤት ወሬው ይደርሳል።

ከሹፌሮች ሁሉ አፍ የሚሰማው ዘዴ «ፖሊሱ ካልመጣ ይዘጋል» ነው። ግማሹ እውነት ነው፤ ምስክር የሌለው ክስ ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ግማሹ ግን የሎተሪ ጸሎት ነው። ፖሊሶች የያዟቸውን ሰዎች ሁሉ በራሳቸው የችሎት ቀን ያስቀጥራሉ፤ ለአንድ ሳይሆን ለሃያ ክስ ስለሚመጡ ለመቅረት ምክንያት የላቸውም። የታመመ ወይም ፈቃድ የወጣ ከሆነ ደግሞ ዳኛው ሌላ ቀጠሮ ሊሰጥ ይችላል። ቀጠሮ ማስለወጥ ፖሊሱን ያደክመዋል የሚሉም አሉ። እኔ ያየሁት የደከመው ከሥራው ሁለት ጠዋት የቀረው ባለ ታክሲ ነበር።

ስካር ያለበት ክስ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል፤ ለእኛ ሰው የሚጠቅሙትን ጥቂት ልጥቀስ። በሦስቱም ቦታ ደም ውስጥ 0.08 ከተገኘ ይበቃል፤ ሜሪላንድ ከ0.07 ጀምሮ ሌላ ቀለል ያለ ክስ አላት። ትንፋሽ ለመስጠት እምቢ ማለት ራሱን የቻለ ቅጣት አለው። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ግን ለመጠንቀቅ ሲል ነው። ከሠርግ ወይም ከሬስቶራንት ወጥቶ «ጠጥቼ አልነዳም» ብሎ መኪናው ውስጥ ሊተኛ ይገባል፣ ብርዱን ወይም ሙዚቃውን አስቦ ቁልፉን ይሰካል። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 እንደወሰነው በሕዝብ መንገድ ላይ ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ቁልፉ ከተሰካ፣ ሞተሩ ባይነሳም፣ መንዳት ነው። መተኛት ግድ ከሆነ የኋላ ወንበር፣ ቁልፉም ራቅ ብሎ። ታክሲ መጥራት ከሁሉ ይቀላል፤ ጠሪውም ተጠሪውም አበሻ የመሆኑ ነገር ያስቃል እንጂ።

ይህ ሁሉ ዜግነት ላልያዘ ሰው ሌላ ጣጣም አለው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 ጠጥቶ መንዳት ብቻውን ከአገር ለማባረር ምክንያት የሚሆን የኃይል ወንጀል አይደለም ብሏል። በ2019 የወጣ የአገሪቱ ዋና ዓቃቤ ሕግ ውሳኔ ግን ጠባዩ በሚመዘንበት ጊዜ ውስጥ ጠጥቶ በመንዳት ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ሰው መልካም ጠባይ የለውም ተብሎ እንዲገመት አድርጓል። የዜግነት ቅጹ ስለ መያዝ፣ ስለ መታሰርና ስለ መከሰስ ሲጠይቅ ትኬትንም ይጨምራል። ከ500 ዶላር በታች የተቀጣና መታሰርም መጠጥም የሌለበት ተራ ትኬት ወረቀት እንዲቀርብለት አይፈለግም፤ መካድ ግን አይገባም፤ ትኬቱ ከሚያመጣው ይልቅ ውሸቱ የሚያመጣው ይብሳል። የሜሪላንዱ አመክሮም እዚህ ፊቱን ይለውጣል። የ1996ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ሰውዬው ካመነና ዳኛው አንዳች ግዴታ ካስቀመጠበት፣ ስቴቱ ፍርድ አልተሰጠም ቢልም፣ ፍርድ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። በወንጀል የተከሰሰና አረንጓዴ ካርድ ብቻ የያዘ ሰው ከትራፊክ ጠበቃው ጎን የኢሚግሬሽን ጠበቃም ሳያማክር ምንም ነገር ማመን የለበትም።

ከባድ መኪና የሚነዱ ወንድሞችም የራሳቸው ጥብቅ ሕግ አላቸው። በንግድ መኪና ከተፈቀደው 15 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ ከባድ ጥፋት ይባላል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ከሆነ የንግድ መንጃ ፈቃዱ ለ60 ቀን፣ ሦስት ከሆነ ለ120 ቀን ይታገዳል። ፍርዱን በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪ ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ በግል መኪና የሆነም ቢሆን። የፌደራሉ ደንብ ስቴቶች የእነዚህን ሹፌሮች ጥፋት በአመክሮ ወይም በትምህርት እንዳይሸፍኑ ይከለክላል። ለተራው አሽከርካሪ የሚከፈተው የምሕረት በር ለእነሱ ዝግ ነው፤ ስለዚህ የሚቀራቸው ክሱን ራሱን መሟገት ነው።

አደጋ ሲደርስ «እንስማማ፣ ፖሊስ አያስፈልግም» ብሎ እጅ ተጨባብጦ መለያየትም የእኛ ነው። ስምና የመንጃ ፈቃድ መረጃ ሳይለዋወጡ የሄዱ እንደሆነ ግን አምልጠዋል ይባላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ሰው ከተጎዳ ወይም የንብረቱ ጉዳት ከ1,000 ዶላር ካለፈ ይህ ከባድ ወንጀል ነው። የዛሬ መኪና መከላከያው ብቻ ከዚያ በላይ ያወጣል።

ገንዘብ ያጣ ሰው ተስፋ አለው፤ ቨርጂኒያ ከ2020 ሐምሌ ወዲህ ላልተከፈለ ቅጣት ብላ መንጃ ፈቃድ አታግድም፣ ፍርድ ቤቶችም በየወሩ እንዲከፈል ይፈቅዳሉ። አለመክፈልና አለመቅረብ ግን የተለያዩ ናቸው። ድሃ ነኝ የሚለው ቃል የሚሰማው ለቀረበ ሰው ነው።

የመጨረሻው ነገር ቋንቋ ነው፤ እኔ ግን ከፖይንቱም ከራዳሩም በፊት ባደርገው እወዳለሁ። ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሥሪያ ቤቶቹ እንዲያገለግሉባቸው ከተያዙት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ችሎቶችም አስተርጓሚ በነፃ ይመደባል፣ ቀደም ብሎ ከተጠየቀ። ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ «ሃያ ዓመት ኖሬ እንግሊዝኛ አያቅተኝም» ይላል፤ ወይም የ14 ዓመት ልጁን ይዞ ይመጣል። የችሎት እንግሊዝኛ ግን ከደንበኛ ጋር የሚወራው አይደለም። ባለፈው ጊዜ የተቀመጥኩበት አዳራሽ ውስጥ ዳኛዋ አንድ አዛውንት ሹፌርን ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም ብላ ጠየቀች። አባባ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው፣ በራሳቸው እንግሊዝኛ፣ ትንሽ ነው የሮጥኩት ብለው መለሱ። ጎንበስ ማለታቸውን ማንም አልመዘገበም። ጸሐፊዋ የጻፈችው «አምኗል» የሚለውን ነው፤ ዳኛዋም የሚቀጥለውን ስም ጠራች።